የማሲንቆ ጠላት ጊታር አይደለም

«ሮክ እሰማለሁ» ያለ የደብረ ማርቆስ ልጅ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣለታል። አንደኛው አጭር ነው፤ «ያንን ጩኸት?»። ሁለተኛው ግን ስብከት ነው፤ «እኛ ማሲንቆ እያለን፣ ሽለላና ቀረርቶ እያለን፣ የምን የፈረንጅ ጩኸት ነው! ባህላችንን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ!»። የመጀመሪያው የጆሮ ጉዳይ ስለሆነ ይለፍ። ሽሮ የሚወድና ጥሬ ሥጋ የሚወድ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ግን ክስ ነው፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ የመናገር መብት አለው።

እኔም መልሴን ይዤ መጥቻለሁ። መልሴ የዘፈን ዝርዝር ነው። አምስት ዘፈኖች፣ አምስቱም የአንድ የሮክ ባንድ፣ ባንዱም የጃፓን! «ጃፓንን ከጎጃም ምን አገናኘው?» አትበሉኝ፤ እንደርስበታለን።

ባንዱ ዋጋኪ ባንድ ይባላል። «ዋጋኪ» ማለት በእነሱ ቋንቋ «የጃፓን ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመሠረት ስምንት አባላት ነበሩት። ሦስቱ የያዙት የማንኛውንም ሮክ ባንድ ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታርና ድራም። አራቱ የያዙት ግን የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ነው። ሻሚሰን አለ፤ ቆዳ የተወጠረበት፣ ሦስት ክር ያለው። ኮቶ አለ፤ ተጋድሞ የሚመታ፣ አሥራ ሦስት ክር ያለው። ሻኩሃቺ አለ፤ የቀርከሃ ዋሽንት። ታይኮ አለ፤ ትልቁ ከበሮ። ስምንተኛዋ ድምፃዊቷ ዩኮ ሱዙሃና ናት። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራውን ላልተወሰነ ጊዜ አቁሟል፤ ዘፈኖቹ ግን የትም አልሄዱም።

አሁን ስለ ጎጃም። የእኛ አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ አራቱም በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ። አምባሰልን በተለምዶ በሚጻፍበት አኳኋን በኖታ አስቀምጡትና «ሚያኮ ቡሺ» ከሚባለው የጃፓን ቅኝት ጎን አድርጉት። አምስቱም ድምፆች ይገጥማሉ! ሐዘንተኛው ትዝታ፣ ማይነር የሚባለው፣ «ሂራጆሺ» ከሚባለው የኮቶ ቅኝት ጋር እንዲሁ ይገጥማል። አንዱ ከሌላው ሰረቀ ማለቴ አይደለም። የማሲንቆ ጆሮ ያለው የማርቆስ ልጅ የጃፓን ዜማ ሲሰማ «ይህንን የት ነው የማውቀው?» ቢል አይገርምም ማለቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ።

አንደኛ፣ «ሴንቦንዛኩራ»። «ሺህ የቼሪ ዛፎች» እንደማለት ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን የዘፈነችው ሀጹኔ ሚኩ ናት። ሀጹኔ ሚኩ ሰው አይደለችም፤ ኮምፒውተር የሚፈጥረው ድምፅ ናት። ዋጋኪ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንን የኮምፒውተር ዘፈን ወስዶ በሻሚሰንና በኮቶ ተጫወተው። ዩቲዩብ ላይ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ልብ አድርጉ! አሮጌውን መሣሪያ ያወጡት በአሮጌ ዘፈን አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚያ ሰሞን ሲያዳምጠው የነበረውን ዘፈን መርጠው ነው። እኛ ዘንድ ማሲንቆ መድረክ ላይ የሚወጣው ስለ ማሲንቆ ዘመን ሊዘፈን ሲሆን ነው።

ሁለተኛ፣ «ኢኩሳ»። «ጦርነት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓንን የመሳፍንት ጦርነት ዘመን ለሚተርክ ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም መክፈቻ ሆኖ የወጣ ነው። ጎጃም ውስጥ ሽለላና ፉከራ ሲሰማ ያደገ ሰው ይህን ዘፈን ለመረዳት ጃፓንኛ አያስፈልገውም። ደም የሚያሞቅ ምት በየትም አገር ያው ነው።

ሦስተኛ፣ «ሃናቢ»። «ርችት» ነው። ይህንን የምጋብዛችሁ ለድምፃዊቷ ስትሉ እንድትሰሙት ነው። ሱዙሃና የመጣችው ከፖፕ ትምህርት ቤት አይደለም። ያደገችው ሺጊን በሚባል ጥበብ ነው፤ ግጥምን፣ በተለይም በጥንታዊ ቻይንኛ የተጻፈውን፣ በዜማ ማውረድ። እስቲ ለአንድ አፍታ አስቡት። ዋሸራ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ በግዕዝ ቅኔ የተቀኘ ጉሮሮ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ሲገጥም ማለት እኮ ነው! የቅኔ ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ እዚያው ይከበር፤ እኔም ከመቅደሱ አውጡት አላልኩም። ጉሮሮን በጥንታዊ ግጥም ማሠልጠን ለሮክ እንቅፋት እንደማይሆን ግን ይህቺ ሴት አሳይታለች።

አራተኛ፣ «አካጹኪ ኖ ኢቶ»፤ «የንጋት ክር»። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው «ያሶ ኤማኪ» ከሚለው አልበማቸው ነው። እዚህ ላይ ጊታሩንና ሻሚሰኑን ብቻ ተከታተሉ። ማን ማንን ያጅባል? እኛ ቤት ባህላዊ መሣሪያ ከዘመናዊው ጋር ሲገባ ብዙ ጊዜ እንደ ቅመም ነው፤ መግቢያው ላይ አሥር ሰከንድ ማሲንቆ ይሰማና ኪቦርዱ ይውጠዋል። እዚህ ግን ሻሚሰኑ ሙሉ የቤተሰብ አባል ነው።

አምስተኛ፣ «ሳኩራ ራይዚንግ»። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢቫኔሰንሷ ኤሚ ሊ ያገዘቻቸው ነው። ያቺ የእኛ ትውልድ ግጥሟን በደብተሩ ጀርባ ሲገለብጥ የኖረው ኤሚ ሊ! እሷ ወደ እነሱ መጣች፤ እነሱ ኮቶና ሻሚሰናቸውን ጥለው ወደ እሷ አልሄዱም። ምርቃት ከፈለጋችሁ ደግሞ የመድረክ ሥራቸውን ፈልጉ፤ ድራሙና ታይኮው ፊት ለፊት የሚፋለሙበት ክፍል አለ። የእኛ ከበሮ ይህንን ሲያይ ይቀናል።

ዝርዝሩ ይኸው። አሁን ወደ ክሱ ልመለስ።

የባህል ዘበኞቻችን «የጃፓኖቹ ባህል ስለተከበረ ነው እንዲህ የሆነው» ይሉ ይሆናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የባንዱ ሻሚሰን መቺ ቤኒ ኒናጋዋ የምትጫወተው ጹጋሩ ሻሚሰን የሚባለውን ነው። ጹጋሩ በሰሜን ጃፓን በረዶ የሚጫነው፣ ዱሮ በድህነቱ የሚታወቅ አውራጃ ነው። ይህንን አጨዋወት የፈጠሩት ዓይነ ስውራን ናቸው፤ «ቦሳማ» ይባሉ ነበር። በየደጁ እየቆሙ ይመታሉ፤ ሩዝ ወይም ሳንቲም ይወረወርላቸዋል። እንደ ለማኝ ነበር የሚታዩት። ድምፁ ኃይለኛ የሆነውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ደጅ ቆሞ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ካልጠራ እራት የለም።

ታካሃሺ ቺኩዛን ከእነዚያ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ተወለደ፤ በልጅነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደበት፤ ሻሚሰን ተሸክሞ በየደጁ ዞረ። በ1970ዎቹ ግን የቶኪዮ ወጣቶች እሱን ለመስማት ትንሽ ቲያትር ቤት ያጨናንቁ ነበር። ያ ጂንስ ለባሽ ወጣት ማንን ሊሰማ እንደመጣ ያውቃል፤ ትናንት ደጁ ላይ የቆመውን ሰው ነው። ሴቶችም ነበሩ። «ጎዜ» የሚባሉ ዓይነ ስውራን ሴቶች ሻሚሰን ይዘው ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። ኮባያሺ ሃሩ እ.ኤ.አ. በ1900 ተወልዳ በ2005 ያረፈች የጎዜ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓን መንግሥት የማይዳሰስ ባህላዊ ሀብት ባለቤት ብሎ እውቅና ሰጣት። መሣሪያውን ብቻ አይደለም ያከበሩት፤ እሷን፣ በስሟ።

ይህንን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው እያዜሙ የሚመርቁት ላሊበሎች፤ በሰርጉ፣ በጠጅ ቤቱ ማሲንቆ የሚያስጮኸው አዝማሪ። የሚገርመው፣ ላሊበሎችንና የጎንደርን አዝማሪ ልጆች ዓመታት ወስዶ በፊልም የቀረጸው ተመራማሪ ጃፓናዊው ኢጹሺ ካዋሴ ነው። ጃፓን ድረስ ይታያሉ፤ እኛ ግን ደጃችን ሲቆሙ መጋረጃ እንዘጋለን።

ጋሼ፣ እስቲ ልጠይቅዎት። እርስዎ ማሲንቆን የሚወዱት የት ሲሆን ነው? የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ? በዓል ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ? ልጅዎት ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ «ማሲንቆ መጫወት ነው የምፈልገው» ቢልዎትስ? «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እንደሚሉት እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሴት ልጅዎት ብትልዎት ደግሞ የባሰውን ይጨምሩበታል። ቃሉ እኮ ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ነው፤ ከመዝሙር ጋር አንድ ሥር አለው። ይህንን የመሰለ ቃል ስድብ አድርገን የምንኖር ሰዎች ነን። «ለአዝማሪ ልጄን አልሰጥም» ሲባል እየሰማን አድገን «ባህሉን ገደላችሁት» ተብለን የምንከሰሰው እኛ፣ ጆሮ ማዳመጫ የሰካነው፣ ሆንን።

አዝማሪን ከእኛ ይልቅ ጠላት ያውቀው ነበር። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937፣ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ሟርተኞች ብቻ አልነበሩም፤ ተዘዋዋሪ ዘፋኞችም ነበሩ። ለምን? ማሲንቆ የያዘ ሰው ሬዲዮም ጋዜጣም ነበራ! ከገበያ ገበያ ወሬ ያደርሳል፤ በሰምና ወርቅ ጌታውን ይወጋል፤ «ተቀበል!» ሲባል የሕዝቡን ቁጣ በዜማ ይመልሳል። ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና ልናገር፤ የሙያው አያት በዚህ አገር አዝማሪው ነው። ጣሊያን ሊያጠፋው የፈለገውን እኛ በንቀት ቀስ እያልን እየጨረስነው ነው። ይህንን ለማድረግ ደግሞ አንድም ጊታር አላስፈለገንም።

«ሮክ ከእኛ ጋር አይሄድም» የሚለውም ክርክር ከከሸፈ ቆየ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። ሳክስፎን የማን ነው? የፈረንጅ! «ባህል አበላሸ» ያለው ሰው ስሙ የለም፤ የጌታቸው ስም ግን አለ። በሸመገለበት ዕድሜው ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮከሮች ጋር ገጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አወጡ። ፓንኮቹ እሱን አልቀየሩትም። ሽለላው መሐል ላይ ቆመ፤ ጊታሮቹ አጀቡት። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያርፍ ድረስ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ሽለላ የሰማው የሆላንድ ወጣት ከስንቱ የማርቆስ ወጣት ይበልጥ ይሆን?

ለንደን ላይ ክራር ኮሌክቲቭ አለ፤ ተመስገን ዘለቀ ክራሩን ኤሌክትሪክ አስገብቶበት እንደ ሮክ ጊታር ያስጮኸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» ብለው አልበም አሳተሙ። አዲስ አበባ ላይ ጃኖ ባንድ በዚያው ዓመት፣ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት፣ «ኤርታሌ»ን ይዞ ብቅ አለ። የኢትዮጵያ ዜማ በሮክ ጊታር! ያኔ ስንቱ ተሳለቀባቸው፤ «ፀጉራቸውን አስረዝመው…»። ጃኖን አደንቃለሁ፤ በር ከፍተዋል። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ዜማውን ወስደን መሣሪያውን ቤት ትተን ሄድን። ዋጋኪ ባንድ ያደረገው ይህንን ቀጣዩን እርምጃ ነው፤ ሻሚሰን ተጫዋቿን በጊታሪስቱ ጎን፣ በእኩል ክፍያና በእኩል ስም አቆመ ብዬ ባልምልም፣ በእኩል መብራት ስር ግን አቁሟታል።

አሁን ደግሞ ለእኛው ለወጣቶቹ። ዘበኞቹን ብቻ ሰድቤ ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። የስልካችሁን የዘፈን ዝርዝር ክፈቱት። ሊንኪን ፓርክ አለ፤ ኢቫኔሰንስ አለ፤ የኮሪያም አለ። ማሲንቆ ያለበት ስንት አለ? የሰርግ ቪዲዮ አይቆጠርም! አዝማሪ ቤት ስንገባ ምን እናደርጋለን? ጓደኛችንን እንዲያሞግስልን ብር እናወጣለን፤ ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን፤ ፎቶ እንነሳለን፤ ስሙን ግን አንጠይቅም። ዋጋኪ ባንድ የሚወድ ልጅ የስምንቱንም ስም ከነመሣሪያቸው ይጠራላችኋል። እኛ ትናንት ማታ ያስለቀሰንን ሰው ስም አናውቅም። አዝማሪ ቤቱም ሲሄድ እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ፣ ስንት የውጭ እንግዳ ያየው ቤት፣ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ እንባ የረጨነው ሰዎች ቤቱ ቆሞ ሳለ ስንት ጊዜ ገባን?

«ጃፓን ሀብታም ናት» የሚል መልስም ይመጣል። እውነት ነው፤ ናት። ግን ሀብቷ ለሻሚሰን ብዙ ዘመን አልጠቀመውም። የሜጂ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ሲከፍት የሙዚቃ ትምህርቱ በአውሮፓ ዜማ ላይ ነበር የቆመው። ለትውልዶች የጃፓን ልጅ የራሱን መሣሪያ ሳይነካ ትምህርት ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ነው ያ የተስተካከለው፤ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ ባህላዊ መሣሪያ እንዲሞክር በሥርዓተ ትምህርቱ የተደነገገው። አንድ ብቻ! ይህ ደግሞ ከገንዘብ በፊት ውሳኔ ይፈልጋል።

አያቶቻችን እኮ ይህንን ጥያቄ ቀድመው ጠይቀውታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ተቀድቷል። ኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ራስን ሳይጥሉ መሠልጠን እንዴት ይቻላል? እኛ ከዚያ ሁሉ ንባብ ሕጉን ቀዳን፣ መኪናዋን አስመጣን፤ መልሱን ግን አላነበብነውም። መልሱ ቤኒ ኒናጋዋ እጅ ላይ ነበር፤ የለማኙን መሣሪያ አንስቶ፣ ለማኙን ጌታ ብሎ፣ ከዚያ ሶኬት ላይ መሰካት። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አላቸው። ያንን ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ማሲንቆ ከመሣል ያድኑት። አንድ አዝማሪ በወር ሁለት ቀን ይጥሩ፤ «እንግዳ» ብለው ሳይሆን «መምህር» ብለው፤ አበልም ይክፈሉት። አንድ የፈረስ ጭራ፣ አንድ የተወጠረ ቆዳ፣ አንድ ደጋን… ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ስንት ማሲንቆ ይወጣል? ጊታርና ድራም ያላችሁ የማርቆስ፣ የባሕር ዳር፣ የእንጅባራ ልጆች ደግሞ ሌላ የሊንኪን ፓርክ ቅጂ አትሥሩ። ማሲንቆ ተጫዋች ፈልጉ። ቆዳው ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ማይክ ግዙለት። ስሙን ፖስተሩ ላይ ከእናንተ እኩል ጻፉት፤ ገቢውንም እኩል ተካፈሉ። ማሲንቆ የምትይዝ ሴት ካገኛችሁማ መሐል ላይ አቁሟት።

ዘበኞቹም «ባህል ተበላሸ» ብለው ሲመጡ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «ጋሼ፣ የአንድ አዝማሪ ስም ይጥሩልኝ»። ከጠሩ ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው፤ የሚያስተምሯችሁ ነገር አለ። ካልጠሩ ግን ድምፁን ከፍ አድርጉት።